ሁለተኛው ጥያቄ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ትንፋሽ ያዙ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቲ ስካኑ ላይ ለተኛ ሁሉ ይህንኑ ስትል ኖራ፣ ሌላ ምን ይበሏት ታዲያ!

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ሴትዮ በአልጋ እየተገፋች መጣች። ሆዷን ኦፕራሲዮን ካደረገች ስምንት ቀኗ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሐኪሙ ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቷል ብሎ ጠርጥሯል። ከረጋ፣ ደም ማቅጠኛ ካላገኘች ትሞታለች፤ ካልረጋ ደግሞ መድኃኒቱ ትኩስ ቁስሏን ያደማዋል። ስለዚህ በግምት አይሰጣትም፤ መጀመሪያ በሲቲ መታየት አለባት።

ባሏ አጠገቧ ቆሞ የትንፋሽ ያዙን ጥያቄ በእሷ ፋንታ ይመልሳል። አለርጂ የለባትም፣ ኩላሊቷም ደህና ነው ይላል። እሷም ራሷን እየነቀነቀች ትስማማለች። ሲቲው ላይ የደም ስሯን አጉልቶ የሚያሳየው የቀለም መርፌ ተዘጋጅቷል፤ ሐኪሙ በስልክ ቶሎ በሉ ይላል። ትንፋሽ ያዙ ግን ባልየውን ወደ ውጭ ሸኝታ፣ በሩን ዘግታ፣ ጥያቄውን ከአንድ ጀመረች። ይሄ አመሏ ስንቱን አበሳጭቷል መሰላችሁ!

«እህቴ፣ አሁን እኔና አንቺ ብቻ ነን። ይሄ ቀለም ከዚህ በፊት ተሰጥቶሽ ያውቃል?»

ሴትዮዋ በሩን በሩን አየች። «አንዴ ጉሮሮዬን ዘግቶኝ ነበር። ባሌ ይህን ከተናገርሽ አያነሱሽም ብሎኝ ነው የደበቅኩት።»

ትንፋሽ ያዙ ስልኩን አንስታ ቀለሙ አይሆንም አለች። ሐኪሙ ተቆጣ፤ ሲቲው አምስት ደቂቃ ነው፣ የረጋውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ ሌላው ሰዓት ይፈጃል አለ። አልዋሸም። ጉሮሮዋ ከተዘጋ ግን አምስቱ ደቂቃ ምን ያደርግላታል? መጨረሻ ላይ፣ የሳንባው አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ነውና የሚመጣው፣ እግሯ በአልትራሳውንድ ይታይ ተባለ፤ እዚያ የረጋ ደም ከተገኘ መድኃኒቱ ያው ደም ማቅጠኛው ነው። እግሯ ንጹህ ሆነ። እግር ንጹህ ሆነ ማለት ደግሞ ሳንባ ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

የቀረው የኑክሌር ክፍሉ ነበር። እዚያ በጭምብል ጨረር ያለበት አየር ትስብና ሳንባዋ ይነሳል፤ ከዚያ በደም ስሯ ከቀለሙ የተለየ፣ ጨረር ያለበት ትንሽ ፈሳሽ ይሰጣትና የደሙ መንገድ ይነሳል። አየር ገብቶ ደም ያልደረሰበት ቦታ ካለ፣ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ትንፋሽ ያዙ የእሷ ሥራ ባይሆንም ተከትላ ሄደች። የሴትዮዋ ከንፈር እየጠቆረ ነው። በእኔ ምክንያት ዘግይታ ብትሞትስ እያለች ፈራች፣ በጣም ፈራች።

ሁለተኛው ፎቶ ወጣ። በቀኝ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል አየሩ ሞልቷል፣ ደም ግን የለም። ደም ማቅጠኛው እዚያው ተጀመረላት።

በማግስቱ ትንፋሽ ያዙ ሴትዮዋን ቀና ብላ ተቀምጣ አገኘቻት። እኔም ባሌም የለም ስንልሽ ለምን አላመንሽንም ብላ ሴትዮዋ ጠየቀቻት።

«አንድ ሰውዬ አምኜ ነበር» አለች ትንፋሽ ያዙ። «ልጁ አጠገቡ ቆሞ፣ አለርጂ የለብኝም አለኝ።»

ሴትዮዋ ሰውየው ምን ሆነ ብላ ለመጠየቅ አልደፈረችም።