የሰርካለም በርበሬና የካምፓላ ጥቅምት

ሰርካለም ዝናብ ታውቃለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ስትሰሙ «ምስኪን፣ ሳታውቅ ነው» እንዳትሉላት ነው። ካምፓላ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የጭነት ክፍል ኃላፊ ነች። እህል የጫነ መኪና መቼ ተነስቶ በየት እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ናት። ከጠረጴዛዋ በላይ የአሥራ ሁለቱ ወር ካርታ ተሰቅሏል፤ የሚዘንብበትን አካባቢ ሁሉ በሰማያዊ እርሳስ የቀባችው ራሷ ናት። በጥቅምቱ ካርታ ላይ ካምፓላ በሰማያዊ ተውጣ አትታይም። «በዚህ ወር ያለ ሸራ የሚወጣ መኪና እንዳላይ!» እያለች ሾፌሮቹን የምታንቀጠቅጠው ይቺው ሴት ነች እንግዲህ በዚያው በጥቅምት አሥር ኪሎ በርበሬ ደልዛ ግቢ ውስጥ ያሰጣችው።

እኔ ሔሊና እባላለሁ፤ የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው። ኪዋቱሌ በሚባለው ሰፈር ከሰርካለም ጋር አንድ ግቢ እንኖራለን፤ እሷ ምድር ቤት፣ እኔ ፎቅ። ወንበሬን በረንዳው ላይ ካወጣሁ የማይታየኝ ነገር የለም።

የበርበሬው ነገር የመጣው ከባሏ ነው። ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ውስጥ ቀያሽ ነው፤ ስምንት ዓመት የሆናት ልጃቸው ምስጢርም ከእሱ ጋር ናት። ሰርካለም ስትመጣ ለአንድ ዓመት ብላ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ የሦስት ዓመት ኮንትራት ሰጣት፤ ቤተሰብሽንም አምጪ አላት። ዓለምሰገድ ግን መሬቱን ሳይረግጥ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው አይደለም። «ኅዳር ላይ ሦስት ሳምንት መጥቼ ልየውና እወስናለሁ» አለ።

ይሄ ሁሉ ደህና ነበር። አንድ ቀን ግን በስልክ እያወሩ በርበሬ እንዲልክላት ስትጠይቀው፣ «ሰርኬ፣ በርበሬ በሻንጣ የሚመጣለት ቤት እኮ ቤት አይደለም፤ ማረፊያ ነው» አላት።

ስልኩን ዘግታ ቀጥታ ወደ እኔ ወጣች።

«ሔሊና፣ አዲስ አበባ ስትሄጂ ዛላ ታመጪልኛለሽ። አሥር ኪሎ። እዚሁ ደልዤ፣ እዚሁ አድርቄ፣ እዚሁ አስፈጫለሁ።»

«ዛላውስ የሚመጣው በሻንጣ አይደል?» አልኳት።

«ዛላ ጥሬ ዕቃ ነው» አለችኝ። የጭነት ሰው ናት፣ ተከራክሮ የሚረታት የለም። አሥሩን ኪሎ በእኔ ሻንጣ፣ በእኔ ኪሎ አመጣሁላት። ያንን ሻንጣ የሚከፍት ሰው እስካሁን ያስነጥሰዋል።

ሁለት እሁድ ሙሉ አብረን ቀነጠስን። ዝንጅብሉና ሽንኩርቱ ከገበያ፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ካሉት የሐበሻ ሱቆች ተገኘ። ሙቀጫውን ያዋሰችን ጎረቤታችን ናሎንጎ ናት። ናሎንጎ ስሟ አይደለም፤ በዚህ አገር መንታ የወለደች ሴት የምትጠራበት ማዕረግ ነው። በሙቀጫው የምትወቅጠው ኦቾሎኒ ነበር። የእኛ በርበሬ ከተደለዘበት በኋላ ግን አንድ ወር ሙሉ ልጆቿ የኦቾሎኒ ወጧን እያለቀሱ እንደበሉት ነግራኛለች፤ ሳትቆጣ ነው የነገረችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ወጣች። ሰርካለም ሸራ አንጥፋ ድልዙን በእጇ እየበታተነች አሰጣችው። ግቢው ቀላ። እኔ ከበረንዳዬ ሆኜ ሰማዩን ሳይ፣ ከከተማው ዳር ካለው ሐይቅ በኩል አንድ ጥቁር ነገር ተቀምጧል።

«ሰርኬ፣ ይዘንባል» አልኳት።

ቀና ብላ ምንም እንደማያውቅ ሕፃን ቆጥራ አየችኝ። «መስቀል ካለፈ?»

«ካርታሽስ?»

«እሱ የሥራ ነው።»

እዚህ ላይ ሳቅሁባት። ግን እውነቱን ልናገር፤ ይህ የእሷ ብቻ በሽታ አይደለም። ከአገር ወጥተን እዚህ የሰፈርን ሐበሾች ሁሉን ለምደናል። በቦዳ ሞተር መሀል ከተማ እንሰነጥቃለን፣ ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ቅቅል እንበላለን፣ ቁርሳችንን በችኮላ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ሮሌክስ የሚሉትን፣ ይዘን ቢሮ እንገባለን። መስቀል ሲያልፍ ዝናብ ያበቃል የሚለው ነገር ግን ከውስጣችን አይወጣም። እኔ ራሴ በመጣሁ ዓመት፣ በመስቀል ማግስት፣ አዲስ ጃንጥላዬን ለግቢው ጥበቃ «ለክረምት ይሁንህ» ብዬ ሸልሜዋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነው፤ በየጥቅምቱ እሱ በእኔ ጃንጥላ ስር ቆሞ፣ እኔ በስብሼ ስገባ በሩን በአክብሮት ይከፍትልኛል።

ስምንት ሰዓት ላይ ናሎንጎ ልብሶቿን ከገመድ ማውረድ ጀመረች። አጥሩን ተደግፋ «ማዳም፣ ዝናብ!» ብላ ጮኸች። ሰርካለም በፈገግታ እጇን አወዛወዘችላት። ስለ መስቀል በእንግሊዝኛ ልታስረዳት አፏን ስትከፍት ወረደ።

የካምፓላ ዝናብ ማካፋት አያውቅም፤ እንደ ባልዲ ነው የሚደፋው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሸራው ኩሬ ሆነ። ኩሬው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቀይ ውኃ በመኪናው መንገድ ወርዶ በበሩ ስር ወደ ውጭ ወጣ። ውጭ የተጠለለ አንድ የቦዳ ነጂ ጥበቃውን «ስንት በሬ ነው ያረዳችሁት?» ሲለው እኔ እላይ ሆኜ ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ ነበር።

ኋላ አዘንኩላትና ወረድኩ። ሰርካለም ጭቃው ላይ ተንበርክካ ድልዙን በሁለት እጇ እየዛቀች ሳፋ ውስጥ ትጨምራለች። በርበሬው ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። ስታለቅስ ግን በበርበሬው እንዳልሆነ አወቅሁ።

«አይመጣም» አለች።

«ማን?»

«ዓለምሰገድ። አንድ በርበሬ ማድረቅ ያልቻልኩበት አገር ላይ ልጁን ይዞ ይመጣል? አይመጣም፣ ሔሊና። ምስጢር እኔ ሳላያት ልታድግብኝ ነው።»

በሳቄ አፈርኩ። ሳፋውን ተቀብያት አብሬያት ዛቅሁ። ከአሥሩ ኪሎ ጭቃ ያልነካው ቢበዛ አራት ኪሎ ይሆናል።

በማግስቱ ጀይሉን ጠራሁት። ጀይሉ የጅማ ልጅ ነው፤ ብረታ ብረት ሠሪዎቹ በሞሉበት በካትዌ የብሎንና የቆርቆሮ ሱቅ አለው። እርጥቡን ድልዝ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ ሰርካለምን።

«በጥቅምት አሰጣሽው?»

«አውቃለሁ!» አለች ሰርካለም።

«አብሽሪ፣ እህቴ። ወላሂ እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ እንዲሁ ጥቅምት ላይ አጃ አስጥቼ ለጎርፍ ገብሬያለሁ። እኛ አገር ቡና ከመሬት ከፍ አድርገን አልጋ ላይ ነው የምናደርቀው። አልጋውን እሠራልሻለሁ፤ ፀሐዩንም ከታች አደርግልሻለሁ።»

ያለውን አደረገ። የካትዌ በያጆች በአንድ ቀን አራት እግር ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ሠሩ። ውስጡ ሁለት የሽቦ ወንፊት ተደራርቦበታል፣ ከታች የከሰል ማስቀመጫ አለው፣ ከላይ ክዳን። ሦስት ቀን በረንዳዋ ላይ በለሰለሰ ፍም እያገላበጥን አደረቅን። ውጭ ዝናቡ እንደፈለገው ይወርዳል፤ እኛ ከጣሪያው ስር እያሳለን እንስቃለን። ፖሾ ለሚሉት ገንፎ የበቆሎ ዱቄት የሚፈጨው ወፍጮ ቤትም ከለመንነው በኋላ «የቀኑ መጨረሻ ላይ ኑ» ብሎ ፈጨልን። በማግስቱ የሰፈሩ ፖሾ ሮዝ ሆኖ እንደዋለ ሰምቻለሁ፤ ማንም ግን በእኛ ላይ አልመሰከረም።

ዓለምሰገድ በኅዳር መጣ። ከኤርፖርት ተቀብለነው ግቢያችን ስንደርስ እየዘነበ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የተዋረደ ሰው መስሎ ወደ ላይ አየና «ኅዳር ላይ?» አለ። ሰርካለምና እኔ መተያየት አልቻልንም።

ዶሮው ቀረበ። አንድ ጉርሻ አላመጠ፣ ቆም አለ፣ እንደገና አላመጠ።

«ጭስ ጭስ ይላል» አለ።

ሰርካለም እጇን ከትሪው አነሳች። «በሻንጣ የሚመጣ በርበሬ ቤት አያደርግም ስላልከኝ እዚሁ አዘጋጀሁት። ከሰል ላይ ነው የደረቀው።»

«እኔ? መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?»

አንዳችም አያስታውስም! አሥር ኪሎ ዛላ፣ አንድ ሻንጣ፣ የናሎንጎ ሙቀጫ፣ የአንድ ሰፈር ፖሾ፣ ሁሉም ሰውየው ለወግ ያህል ጣል ላደረጋት ነገር ነው የተከፈለው። ትሪውን አናቱ ላይ ብደፋበት ደስ ባለኝ። እሱ ግን ትሪውን ጠርጎ በልቶ፣ ጨምሪ አለ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲቀይስ ከረመ። ጠዋት ይወጣል፣ ሰፈሩን በእግሩ ያካልላል፣ ከግቢው እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይቆጥራል። ስለ ውሳኔው ትንፍሽ አይልም። ሰርካለም ለመጠየቅ ፈርታ ከሳች። እኔ የመመለሻ ትኬቱን ቀን በኮምፒዩተሬ ላይ በየቀኑ እያየሁ እበሳጫለሁ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሁድ፣ ጀይሉ ምሳ ተጠርቶ መጣ። ከምሳ በኋላ ሁላችንም በረንዳው ላይ ሳለን ዓለምሰገድ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ የቆርቆሮውን ሳጥን መለካት ጀመረ። ወርዱን፣ ቁመቱን፣ በወንፊቶቹ መሀል ያለውን ክፍተት። ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

«ጀይሉ፣ አዲስ ለማሠራት ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ቀን ይበቃል፣ ጋሼ። ይቺ ምን ሆነችብዎት?»

«ትንሽ ናት። እጥፍ የምትሆን ሥራልን። ጥር ላይ ስንመጣ ትድረስ።»

ሰርካለም ስኒ እያነሳች ነበር፤ ስኒውን እንደያዘች ቀረች። ጀይሉ ነገሩ አልገባውም፤ ሐቀኛ ነጋዴ ነውና ሳጥኑን መታ መታ አድርጎ ተከራከረ።

«ጋሼ፣ ገንዘብዎን ለምን ያባክናሉ? ለሁለት ሰውና ለአንዲት ትንሽ ልጅ ከሆነ እኮ ይቺው ትበቃለች።»

ዓለምሰገድ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ልጅቷ እኮ እዚህ ታድጋለች» አለ።