ለቨርሊን ትከሻ የተቆረጠ ሰደፍ

ቨርሊን ስታምፐር ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። በእኛ በሚዙሪ ኮረብቶች ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በእሱ አውቶቡስ ተመላልሶ ያደገ ነው። ልጆቹ ሲረብሹ አይቆጣም። እጁን ከመሪው ሳያነሳ ምላሱን ከላንቃው አጣብቆ እንደ ሴት ቱርክ ዶሮ ይጮኻል። አውቶቡሱ ጸጥ ይላል። ከዚያ አርባውም ልጅ እንደ አውራው እየጮኸ ይመልስለታል፤ ጠቡም ይረሳል። አንድ ዓመት ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ውሃ ሲያለብሰው፣ ሌሎቹ ሹፌሮች እየተሻገሩ ሳለ እሱ ብቻ ሃያ ሁለት ልጅ እንደጫነ ያንን ጠባብ መንገድ ሁለት ማይል የኋሊት ነድቶ መለሳቸው። «ፈሪ» ብለው ሳቁበት። «አዎ፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ፈርቻለሁ» አላቸው።

እኔ ሆይት እባላለሁ። ከቤቴ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ጠመንጃ እጠግናለሁ። ከቨርሊን ጋር አንድ ክፍል ተምረናል። ከአሥራ ስድስት ዓመታችን ጀምሮ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ቱርክ ለማደን ጫካ የገባነው አብረን ነው።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአባቱን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። በአንድ ተኩስ ብዙ ፍንጣሪ እርሳስ የሚተፋ፣ የፊት እጀታውን ወደ ኋላ እየሳቡ የሚያጎርሱት አሮጌ የአደን ጠመንጃ ነው። አባቱ ከኮሪያ ጦርነት ተመልሶ በመጀመሪያ ደሞዙ ነበር የገዛው። ከዋልነት እንጨት የተሠራው ሰደፉ በስንት ጉንጭና በስንት ላብ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። በግራ እጁ ነው ያቀፈው። ቨርሊን ግን በቀኝ እጁ የሚጠቀም ሰው ነው።

«ለግራ አድርግልኝ» አለ።

«ምን ሆነህ?»

«ቀኟ ሥራ አቁማለች። እኔ ሳልፈቅድላት ጡረታ ወጣች።»

ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ከጥቅምት ጀምሮ ሲኒ ከእጁ እየሾለከ ይወድቅ ነበር አሉ። ከተማ ያለው ሐኪም ከብዙ ምርመራ በኋላ ረጅም ስም ነገረው። ነገሩ ሲቃለል፣ ነርቮቹ ጡንቻውን እየተዉት ነው። መድኃኒት የለውም።

«ምን ያህል ጊዜ አለህ?» አልኩት። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ አፈርኩ።

«እንደ ሰዉ ነው አለኝ። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። በአንዳንዱ ላይ ግን ይፈጥናል።»

«ባንተስ?»

«እኔ መቼ ፈጥኜ አውቃለሁ? አውቶቡስ ነጂ እኮ ነኝ!»

ለካሁት። ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው፤ በልክህ ካልሆነ ያሰቃይሃል። ወደ ትከሻህ ስታነሳው ጉንጭህ ራሱ ሄዶ ሰደፉ ላይ ማረፍ፣ ዓይንህም ሳትፈልግ በአፈሙዙ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። የእሱ ግራ ትከሻ ያንን ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሰደፉን አንድ ኢንች ላሳጥረው መጋዙን ካነሳሁ በኋላ እጄ አልሄድልህ አለኝ። የአባቱ እንጨት ነው።

«ቁረጠው እንጂ! እንጨት አያለቅስም» አለ ቨርሊን።

ቆረጥኩት። ቀጥሎ በተልባ ዘይት አርሼ፣ በመብራት አሙቄ፣ ሞርሳ ላይ አስሬ ቀስ በቀስ ወደ ግራ አጎበጥኩት። ጫፉ ላይ ርግጫውን የሚያበርድ ወፍራም ጎማ ገጠምኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከጎተራው በስተጀርባ ካርቶን ሰቅለን አስተኮስኩት። ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስቱንም መታ። ያን ቀን ቤቱ ወስዶኝ ሚስቱ ሎሬና የአጋዘን ቋሊማና የበቆሎ ዳቦ አበላችን። ሳቅንም። እኔማ ያሸነፍን መስሎኝ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ ተመልሶ መጣ። መኪናውን የነዳችው ሎሬና ነበረች።

«ከብዷል» አለ።

«ምኑ? ጠመንጃው ያው ነው።»

«እንግዲህ ወይ እሱ ወፍሯል፣ ወይ እኔ ከስቻለሁ።»

ኮቱን ሲያወልቅ አየሁት። ግራ ትከሻው እንደተነፈሰ ኳስ ጎድጉዷል። የጥር ልኬን ከደብተሬ አውጥቼ ሳስተያየው የሌላ ሰው ልክ መሰለኝ። እንደገና ጀመርኩ። አፈሙዙን ሕግ እስከፈቀደው ድረስ አሳጠርኩ፤ ሰደፉን ከውስጥ ሰርስሬ አቀለልኩ፤ የፊት እጀታውን በሞረድ አቀጠንኩ። አንድ ፓውንድ ተኩል ያህል ወረደለት። በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ፣ ቀለም ቀብቼ ሳስረክበው መጋቢት ገብቶ ነበር። ቨርሊንም አንገቱ ራሱን አልሸከም ብሎት አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅ ጀምሯል። ስለዚህ ጉንጩ የሚያርፍበትን ከፍ አደረግሁ። ከሳምንት በኋላ አሁንም ከፍ አደረግሁ።

ነገሩን ለማንም ማስረዳት ያቅተኛል። እንጨት ሲሰነጠቅ አውቃለሁ፤ ብረት ሲዝግ አውቃለሁ። የተበላሸው የቱ እንደሆነ ካየሁ እጄ ራሱ መላውን ያገኛል። አሁን ግን የምሠራው እየሮጠ ላለ ሰው ልብስ እንደመስፋት ነው። ልኩን ወስጄ ሳልጨርስ ልኩ ሌላ ይሆናል።

አንድ ቀን ሎሬና ብቻዋን መጣች። ወንበር ብሰጣት እምቢ አለች።

«ሆይት፣ በቃ በለው።»

«ምኑን?»

«ጠመንጃውን ነዋ! አንተ በቆረጥክለት ቁጥር ተስፋ ታበቅልበታለህ። ትናንት ወጥ ቤት ውስጥ ሊያነሳው ሲታገል ወደቀ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወገቤን ያመኛል።»

«እኔ ከምለው አንቺ ብትዪው አይሻልም?»

«እኔ ሚስቱ ነኝ። ሌላ ስንት ነገር ነው ‘አይሆንም’ የምለው? መኪና አትንዳ፣ ደረጃ አትውጣ፣ ስጋ አትብላ ያንቅሃል። አንዱን እንኳ አንተ በልልኝ።» አፏን በእጇ ሸፈነች።

እሺ አልኳት። በማግሥቱ ቤታቸው ሄድኩ። ቨርሊን በመስኮቱ በኩል አይቶኝ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ «ቃታው ደረቀብኝ። አላላልኝ» አለ። ምላሱም መተሳሰር ጀምሮ ነበር።

«እሺ» አልኩ። ሎሬናን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የዚያ ጠመንጃ ቃታ ሲሳብ አምስት ፓውንድ ይከብዳል። ወደ ሦስት አወረድኩት፤ ቀጥሎ ወደ ሁለት። ከዚያ በታች ቢያስነጥሱ የሚተኩስ ይሆናል። «ከዚህ በኋላ አልነካም» አልኩት። እሱም «የጠየቅሁህ መች አነሰ» አለና እጄን ሊይዝ ፈልጎ ክርኔን ብቻ ነካ።

የአደኑ ወቅት በሚያዝያ ሦስተኛው ሰኞ ሲከፈት በተሽከርካሪ ወንበሩ ጭነን ወሰድነው። ወንበሩን የገፋሁት እኔ፣ መብራት የያዘችው ሎሬና ነች። ከሜዳው ጠርዝ ላይ የአደን ድንኳን ቀደም ብዬ ተክያለሁ። ጠመንጃውን ባለ ሦስት እግር ማስደገፊያ ላይ አሰርኩት፤ ሰደፉን ከጉንጩ ጋር አገናኘሁ። ሎሬና ሌባ ጣቱን አንስታ ቃታው ጥግ አስቀመጠችለትና ግንባሩን ስማ መኪናው ውስጥ ልትጠብቅ ሄደች።

ሲነጋጋ አውራ ቱርኮቹ ከዛፍ ላይ ጮኹ። ቨርሊን እንደ ድሮው በምላሱ ሊጠራ ሞከረ፤ የወጣው ትንፋሽና ለሃጭ ብቻ ሆነ። አፉን በመሐረብ ጠረግሁለት።

«አንተ ጥራው» አለኝ።

ክዳኗ ሲፈተግ የሴቷን ድምፅ የምታወጣ የእንጨት ሳጥን አለችኝ። ፈተግኋት።

«እግዜር ያሳይህ፣ የታነቀች ድመት መሰልክ።»

«ዝም በል፣ ይሰማሃል።»

ቢሆንም መጣ። ትልቅ አውራ ነበር፤ ከደረቱ የሚንጠለጠለው ጢሙ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ጅራቱን ዘርግቶ፣ ክንፉን በጤዛው ላይ እየጎተተ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። አፈሙዙ ልክ የአውራው አንገት ላይ አነጣጥሯል። እኔ ጆሮዬን ይዤ ጠበቅሁ።

ምንም የለም።

ዞር ስል የቨርሊን ዓይን አውራው ላይ ተተክሏል። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ጣቱ ቃታው ላይ ነው፤ እንደ ደረቅ እንጨት ተቀምጧል። ሁለት ፓውንድ፣ የአንድ ማሰሮ ማር ክብደት እንኳ አይሞላም። እጄን ቀስ ብዬ ወደ ጣቱ ሰደድኩ።

«እንዳትነካኝ» አለ በሹክሹክታ።

እጄን መለስኩ። አውራው ዞረ፣ ተንጎማለለ፣ ላባውን ነፋ። ሰዓቴን አይቼ ነበርና አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የእኔ ሥራ መተንፈስ ብቻ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ምንም የማልረባ ሆኜ አላውቅም። ከዚያ የሆነ ድምፅ ሰምቶ ይሁን ሰልችቶት ጅራቱን ሰብስቦ ወደ ጫካው ገባ።

ቨርሊን፣ «ልኬ ነው» አለ።

«ምን?»

«ጠመንጃው። ከጉንጬ አልተላቀቀም። ከአባቴ እጅ ከተቀበልኩት ጀምሮ እንዲህ በልኬ ሆኖ አያውቅም።»

ጥይቱን አወጣሁና ወንበሩን ገፋሁ። ሎሬና ከመኪናው ወርዳ እየሮጠች መጣችና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። እሷም እግሩ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

ዳግመኛ ስለ አደን አላወራንም። በጋውን ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው እሄድ ነበር። እሱ መናገር ካቆመ በኋላ የምቀመጥበት ጠፋኝ፤ ዝም ብዬ ሳየው ዓይኔ ስለሚሸሽ ሥራ ፈለግሁ። ለወንበሩ መውጫ ከሳንቃ ሠራሁ። የመታጠቢያ ቤቱን በር አሰፋሁ። ያ ሲያልቅ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ፣ የሚንቋቋውን የበር ማጠፊያ፣ የላላውን የመሳቢያ እጀታ አጠበቅሁ። ቨርሊን ከአልጋው በዓይኑ ይከተለኛል። በነሐሴ አንድ ሐሙስ መፍቻዬን ይዤ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። የሚጠብቅ አንድ ቡሎን አልቀረም።

«በቃ ሆይት፣ ተቀመጥ» አለች ሎሬና።

አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ። ቨርሊን በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ሞተ።