ተከላካዩ ያጠለቀው ጓንት

እርጥብ የበረኛ ጓንት በሸተተኝ ቁጥር ልጅ ሳለሁ ዶራቪል ከተማ የነበረው አፓርታማችን ይመጣብኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አባዬ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ በላፕቶፕ የእንግሊዝ ዋንጫ ጨዋታ ያያል። ትልልቆቹ ክለቦች እንዳይመስላችሁ፤ የሚጋጠሙት በሥራ ቀን ቧንቧ የሚጠግኑ፣ ፖስታ የሚያድሉ ሰዎች ናቸው። ተመልካቹ ትንሽ ስለሆነ የተጫዋቾቹ ስድብ ሳይቀር ይሰማል።

የአንደኛው ቡድን በረኛ ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣ። ተቀያሪ በረኛ ስላልነበራቸው አንድ አጭር ተከላካይ ጓንቱን አጠለቀ። ማሊያው ጉልበቱ ድረስ ወርዶ፣ ኳሷ በእግሮቹ መሃል ስትገባበት በሳቅ ሞትኩ።

«አትሳቅ» አለኝ አባዬ። «ጥፋተኛው ጥሎት የሄደው ነው።»

«ዳድ፣ ተጎድቶ እኮ ነው የወጣው!»

«አዎ፣ ይሄኛውማ ተጎድቶ ነው» አለና ላፕቶፑን ዘጋው።

ነገሩን እናቴ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አባዬ አዲስ አበባ የአንድ ፋብሪካ ቡድን በረኛ ነበር። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ፣ ነገር እንዳይበላሽብኝ ብሎ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በበረረ ማግስት የዋንጫ ጨዋታ ነበራቸው። ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ሲጠብቁት ዋሉ።

ዛሬ ለዶራቪል ቅርብ በሆነችው ዱሉዝ ከቡድኔ ጋር ልምምድ ጨርሰን የበረኛ ጓንቴን ሳወልቅ አምበላችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ቅዳሜ ፋይናል ነው፤ አንተን ነው የምንተማመነው።»

ሲያትል ሥራ አግኝቼ ሐሙስ እበራለሁ። እናቴ «እስክትሳፈር ለማንም እንዳታወራ» ብላኛለች።

«እሺ» አልኩት።