በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት መካከል

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝ ባሌ በሞተ በሰባተኛው ቀን ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልባቸው ዓመታት፣ የሰደቃው ድስት ገና ሳይታጠብ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ ጅማ አሉ፣ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። በሕይወቱ ሳለ ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር። እዚህ "እሱ" ነው የምለው።

ቤታችን ከጅማው ጊንጆ ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ግቢው ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር፣ ከኋላው ክፍት የሆነ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ነበረን። ባሌ ጨው፣ ላምባና ሳሙና ጭኖበት ሊሙ ገነት ይወስዳል፤ ሲመለስ ያገኘውን ይጭናል። መንዳት ያስተማረኝም በዚያ መንገድ ላይ ነው። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ፈታኙ "ለማን ልትነጂ ነው?" አለኝ። "ለራሴ" አልኩት። ሳቀ፤ ግን ፈረመልኝ።

ባሌ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ሁለት ሰው እየሰማ፣ መኪናው የእኔ እንዲሆን ተናገረ። ወንድሙ ይህን አልካደም። በሰባተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ፣ "ብሏል፣ እኔም ሰምቻለሁ" አለ። "ግን መኪናው ተበላሽቶ ቆሟል። እሷ ሴት ናት። እዚያው ዝጎ አፈር ሲሆን ዝም ብዬ ልይ?"

የተበላሸው የውሃ ፓምፑ ነበር። ባሌ ከመታመሙ በፊት አዲስ ፓምፕ ገዝቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል። የቀረው አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ማሰር ነው።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። እኔ ኢዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከግቢዋ አትወጣም። ኢዳዬ ባለቀ ማግስት መኪናው በገዛ ሞተሩ ከግቢው በር ከወጣ የእኔ፣ ካልወጣ የእሱ እንዲሆን ፈረዱ። "ተስማምተሻል?" አሉኝ። ተስማማሁ። ከመኪናው ጋር እኔንም ስለመውሰድ በዚያ ቀን የተባለ ነገር ነበር። እሱን አልጽፍም።

የባሌ የመፍቻዎች ሳጥን ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። ገና በቀብሩ ቀን ወንድሙ "እንዳይጠፋ" ብሎ ወስዶታል። መካኒክ እንዳልጠራ፣ የከተማው መካኒኮች ግማሾቹ ወዳጆቹ፣ ግማሾቹ የቀበሌ ኮሚቴ አባል በመሆኑ የሚፈሩት ናቸው፤ ባዳ ወንድ ግቢዬ ገብቶ እንዲውልም ኢዳው አይፈቅድልኝም። ሳጥኑ ይመለስልኝ ብዬ ሽማግሌዎቹን ጠየቅኩ።

"ሥራ ላይ ነው" አለ እሱ። "በምትኩ አዲስ እገዛላታለሁ። ከወንድሜ ሚስት አይበልጥብኝም።"

ሽማግሌዎቹ መረቁት። በማግስቱ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥን ላከልኝ። ስከፍተው ቡሶላዎቹ በቁመታቸው ተደርድረው አበሩብኝ። ቡሶላ ማለት የብሎን ጭንቅላት ላይ እንደ ኮፍያ የሚጠልቅ ብረት ነው፤ ከእጀታው ጋር ይያያዝና ተክ ተክ እያለ ይፈታል። ተራ መፍቻ ለመዞር ቦታ በማያገኝበት ጠባብ ቦታ ያለ እሱ አይሆንም። ጎረቤቶቼ ሳጥኑን ለማየት መጡ። "ሰው ማለት እሱ ነው" አሉ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያን ቀን አመሰገንኩት።

ባሌ ሲሠራ ዕቃ አቀባዩ እኔ ነበርኩ። በቁጥር አይጠራም ነበር። "ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ያችን አጭሯን" ነው የሚለው፤ እኔም በእጄ ነበር የማውቃቸው። ብረቱ ላይ ስለተጻፈው ቁጥር ጠይቄው አላውቅም። ቁጥር ማንበብ የጀመርኩት በሰማያዊው ሳጥን ነው። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ እያለ እስከ ሠላሳ ሁለት ይሄዳል።

መጀመሪያ ተስፋ ሰጠኝ። አሥራ ሦስት ቁጥር ትንንሾቹን ብሎኖች ትንሽ እየላላም ቢሆን ፈታቸው። ማራገቢያውን አወረድኩ። ከኋላው ፓምፑን የያዙ ሦስት ብሎኖች አሉ፤ እጄ ይደርስባቸዋል፣ መፍቻ ግን አይዞርባቸውም። አሥራ አራትን አደረግኩ፤ አልገባም። አሥራ አምስትን አደረግኩ፤ ገባና በባዶው ዞረ። ጫን ስለው የአንዱን ብሎን ጠርዝ ላጠው። እጄን ሰበሰብኩና ቁጭ አልኩ።

ዝገት ይሆናል ብዬ በቢላ ፋቅኩ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩ። ብሎኑ እንደ አዲስ አበራ፤ አሥራ አራት አሁንም አልገባም። እንደዚያ ቀን የገረመኝ ነገር ትንሽ ነው። በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት መካከል ምን ቁጥር አለ? ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ምንም እንደሌለ ነበር የማውቀው። ብሎኑ ግን እዚያ ተቀምጧል።

ከግቢ ስለማልወጣ ብሎኑን ገበያ ልወስደው አልችልም፣ ስላልተፈታ ልልከውም አልችልም። የልብስ ሳሙና ቆርሼ በእጄ አሸሁና ብሎኑ ላይ ተጫንኩት። ስድስት ማዕዘን ያለው ጥርት ያለ ጉድጓድ ወጣ። ይህ ሰኞ ነበር። ሐሙስ ገበያ ሲደርስ ለጎረቤቴ ሰጠኋት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ክርስቲያን፣ ከጎጃም የመጣች፣ አፏ የማያርፍ።

"እትዬ፣ ይሄን ይዤ ገበያ ስዞር ሰው ምን ይለኛል? ሳሙናዋን አይጥ በላባት ነው የሚሉኝ።"

"ዝም ብለሽ ሂጂ። ጉድጓዱን የሚሞላ ቡሶላ አምጪ።"

ከሰዓት በኋላ እየሮጠች መጣች። "አገኘሁት! ልክክ ነው ያለው!" ሳሙናውን አውጥታ ቡሶላውን ጉድጓዱ ውስጥ አሳየችኝ፤ እውነትም ልክክ ብሏል። ገልብጬ ቁጥሩን አነበብኩ። አሥራ አራት ነው። ሄጄ ብሎኑ ላይ ሞከርኩት፤ አልገባም።

"ታዲያ ሳሙናው ዋሸ?" አለች።

ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ አዲስ ቁራጭ ወስጄ እዚያው ብሎን ላይ ተጫንኩና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ጉድጓዱን በስንጥር እለካለሁ። በሁለተኛው ቀን ስንጥሩ ጠበቀ፣ በሦስተኛው ቀን አልገባ አለ። ሳሙናው እየደረቀ ይኮማተር ነበር። ሰኞ ትክክል የነበረው ሐሙስ ሌላ ሆኗል። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ባሌ ከሞተ መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወረቀት መጣልኝ። ብሎኑን ግራሶ ቀባሁና ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። ጥቁር ስድስት ማዕዘን ታተመ። ወረቀት አይኮማተርም። ጎረቤቴን፣ "ይሄን አሮጌም አዲስም የብረት ዕቃ ለሚሸጡት ሽማግሌ ስጪልኝ፣ የእንግሊዝ መኪና ነው በያቸው" አልኳት።

ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው፣ "ይህችን ሴት ራሴ ሄጄ ነው የማያት" አሉ አሉ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጆንያ በአህያ ጭነው መጡ። ወደ ግቢ አልገቡም። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ በውስጥ ቆምኩ። አንድ በአንድ በአጥሩ ላይ ያሻግሩልኛል፤ እኔ ሄጄ ብሎኑ ላይ እሞክራለሁ፣ እመለሳለሁ።

"እንዴት ነው ልጄ?"

"አይደለም አባባ።"

"ሚቲ!" ብለው በኦሮምኛ ለተሰበሰበው ሰው ያውጃሉ፣ ሌላ ያነሳሉ። ከአምስተኛው በኋላ በአጥሩ ዙሪያ የቆሙት ሁሉ ገና እኔ ሳልደርስ "ሚቲ! ሚቲ!" ይሉ ጀመር።

በዚህ መሐል እሱ መጣ። ከኮሚቴ ስብሰባ እየተመለሰ ነው፣ ወረቀት በብብቱ ይዟል። ቆሞ አየና፣ "አዲስ ሳጥን ገዝቼላት ምን ጎደላት?" አለ። ከዚያ ለሰዉ፣ "ቡሶላ የምትሰበስበው ጥሬ ቡና ልትሰፍርበት ነው መሰለኝ!" አለ። ሳቁለት። የቀበሌ ሰው ቀልዶ የማይሳቅለት አልነበረም።

"ለቡናስ ትልቅ ትልቁን እመርጥ ነበር፣ ጋሼ" አልኩት ከውስጥ። "እርስዎ ይህን ያህል ካሰቡልኝ ስኒም ይጨምሩልኝ።"

አሁን በእሱ ሳቁ። ፊቱን አላየሁትም፤ ሲሄድ ግን የጫማውን ድምፅ ሰማሁ። ብረት ሻጩ ሽማግሌ እሱ እስኪርቅ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰማያዊውን ሳጥን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ለወንድሜ ሚስት ነው ሲለኝ፣ የእንግሊዙ መኪና ከሆነ ይህ አይሆንም፣ ይህ በሚሊሜትር ነው፣ ያ በኢንች ነው አልኩት። ወላሂ አልኩት።"

"ምን አለዎት?"

"ግድ የለም፣ ሳጥኑ ያምራል አለኝ።"

እጄን በአጥሩ ላይ ዘርግቼ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። ያቀበሉኝ ብረት ጥቁር ነበር፣ ቁጥሩም እንግዳ ነበር፤ ከላይ ዘጠኝ፣ ከሥሩ ጭረት፣ ከጭረቱ ሥር አሥራ ስድስት። ክፍልፋይ ነው። አምስተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርኩት፣ ምን ይሠራልኛል ብዬ የረሳሁት። ብሎኑ ላይ ሳደርገው ያለ ምንም ድምፅ ጠለቀ። ሳወዛውዘው አልተነቃነቀም።

ተመልሼ፣ "ኤዬ" አልኩ። ከአጥሩ ውጭ አጨበጨቡ።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። ያው ቁጥር ያለው ሌላ ቡሶላ አወጡ፤ ነጭ፣ የተወለወለ፣ ውስጡ አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው። "ይሄኛው ቶሎ ይገባል፣ ሁሉም ይሄን ነው የሚወደው" አሉ። ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ጣቴን ከተትኩባቸው። ጥቁሩ ውስጡ ስድስት ማዕዘን ብቻ ነው፤ የብሎኑን ስድስት ገጽ በሙሉ ይይዛል። ነጩ በጥርሶቹ የሚይዘው ጠርዞቹን ነው። እኔ ደግሞ አንዱን ጠርዝ በአሥራ አምስት ልጬዋለሁ።

"ጥቁሩን" አልኩ።

"ማን አስተማረሽ?"

"ማንም።"

"ማሻ አላህ" አሉ። ወደ ሰዉ ዞረውም አንድ ነገር በኦሮምኛ ተናገሩ። የተናገሩትን አውቃለሁ፤ ለእኔ ይቅር። ከሌሎቹ የኢንች ቁጥሮችም አራት መረጥኩ፤ ሁሉንም ስድስት ማዕዘን። ሙሉ ሳጥን አልፈለግኩም። መኪናውን ዞሬ ብሎኖቹን በወረቀት አትሜ ነበር፤ የሚያስፈልጉኝ መጠኖች አምስት ብቻ ነበሩ። የሰማያዊው ሳጥን እጀታ ለጥቁሮቹም ሠራ፤ የእጀታው አራት ማዕዘን በሁለቱም ዓይነት አንድ ነው። ይህንንም ያወቅኩት በመሞከር ነው።

ሁለቱ ብሎኖች በቀላሉ ተፈቱ። የተላጠው ሦስተኛው ላይ ላምባ አፍስሼ ሁለት ቀን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን እጀታው ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አጥልቄ ረዘም አደረግኩና በሁለት እጄ ጎተትኩ። "ቋ" አለ። ተሰበረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስከፍት ብሎኑ ዞሯል። አዲሱን ፓምፕ አሰርኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከሥሩ ተኝቼ ጠብታ ጠበቅኩ። አልነጠበም። ጎረቤቴ ባትሪውን በጋሪ ወስዳ አስሞላችልኝ።

ኢዳዬ ባለቀ ማግስት ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። እሱም መጣ፤ ገመድ የያዘ መኪናና ሹፌር አስከትሎ፣ ሊጎትተው። ሹፌሩ ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

መሪው ጀርባ ተቀመጥኩ። አንዴ ሞከርኩ፤ አልተነሳም። ሁለተኛም አልተነሳም። እሱ ሹፌሩን በዓይኑ ጠራው። በሦስተኛው አስሎ ተነሳ፣ አቮካዶው ላይ የነበሩ ወፎች በረሩ። ማርሽ አስገባሁና በበሩ ወጣሁ፤ መንገዱ ላይ አዙሬ አቆምኩት፣ ሞተሩን ሳላጠፋ።

"ማን ሠራላት?" አለ እሱ። "ይጣራ። ወንድ ግቢዋ ገብቷል።"

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ "ገብቶ ቢሆን ሰፈሩ ያየው ነበር" አሉ። "እኛ የፈረድነው በራሱ ሞተር ይውጣ ብለን ነው። ወጥቷል።" ፋቲሃ አደረጉና ተነሱ።

በዚያ ሳምንት ሊብሬውን በስሜ አዞርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ጨው ጭኜ ሊሙ ገነት ሄድኩ። መንገዱ በእሱ ቤት በር ላይ ያልፋል። በዚያ በር ለዓመታት አልፌያለሁ። አልቆምኩም፣ ክላክስም አላደረግኩም።