የገለጥኩት የወፍ ጎጆ

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሺሺንዳ መንገድ ዳር ካለው ረግረግ ውስጥ፣ ውሃው ጉልበቴ ደርሶ፣ ከመሥሪያ ቤቴ የተዋስኩትን ካሜራ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜአለሁ። ረግረጉን አድርቆ ለእርሻ ለመስጠት ታስቦ ነበር። ክረምት ሲገባ እየመጡ እዚያ የሚፈለፍሉትን፣ ራሳቸው ላይ ዘውድ የመሰለ ወርቃማ ላባ ያላቸውን ትልልቅ ወፎች በፎቶ ካሳየን፣ ዞኑ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል ብሎ ነው አለቃዬ የላከኝ።

የረግረጉ ጠባቂ ሽማግሌ ጎጆውን ከሩቅ አሳዩኝ። እዚያ አካባቢ ሰው ለቤት ክዳን ሳር ሲያጭድ፣ ወፍ እንቁላል የጣለችበትን ዙሪያ ሳይነካ ያልፋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

«ከዚህ አትለፊ፣ ልጄ» አሉኝ። «የቢሮ ሰው ጭቃ ይፈራል ስል፣ አንቺ ለካ እንቁራሪት ነሽ!» እየሳቁ ሄዱ።

ከሩቅ ያነሳሁት ሁሉ ሳር ብቻ ሆነ። ስጠጋ ወፏ ተነስታ በረረች። ሳሩን በግራ እጄ ደፍጥጬ በቀኜ ፎቶ አነሳሁ። ሁለት እንቁላሎች ጥርት ብለው ወጡ። ሳሩን ላቃና ብሞክር አልቆም አለኝ። ቀስ እያለ ይነሳል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከወዲያኛው ዳር ስመለስ፣ ቁራዎች ከጎጆው በላይ ይሻማሉ። ሽማግሌው ቀድመውኝ ደርሰው የተሰበረ ቅርፊት ይዘዋል።

«ማነው ሳሩን የረገጠው?»

«ከብት ይሆናል፣ አባባ።»

ሰው ፊት ስሜን ለመናገር እንኳ ድምፄ የሚጠፋ ሴት ነኝ። ውሸቱ ግን ሳይቸግረኝ ወጣ።

ማዶ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ሁለት ላሞች ታግድ ነበር። ሽማግሌው ጮሁባት፤ «አንቺ! ላሞችሽን ያዣቸው ብዬ ስንቴ ልንገርሽ? ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የአገር ሽማግሌዎች ፊት ትቆሚያለሽ። ከዚህ ሳር ዳግመኛ አይቀምሱም!»

«ክንፍ አውጥተው ነው የተሻገሩት? ገመዳቸው ከጠዋት ጀምሮ እጄ ላይ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ አንቺ ተናገሪ፣ እህቴ። እዚሁ ነበርሽ።»

ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እየከተትኩ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ቦንጋ ስደርስ አለቃዬ ፎቶውን አይቶ «ይኼ ነው! ሰኞ ስብሰባ ላይ ማን አፍ ይኖረዋል? ጎበዝ!» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት። ማመስገኔን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ተቀምጠዋል፤ ሴትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ ፊታቸው ቆማለች። ካሜራውን ከፍቼ፣ ፎቶውን በየተራ አሳየኋቸው። ሳሩን የደፈጠጡት ጣቶች ጥጉ ላይ ይታያሉ።

«የኔ እጅ ነው» አልኩ። አልሰሙኝም ነበርና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።