እሳት የማይሰማው መዳፍ

አፖልስ ያኑዋሪ አንድ ሽንኩርት ለሁለት ይገምሳል። ልጣጩን አያነሳም። ግማሹን በረጅም ሹካ ይወጋና የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች አድርጎ የጋለውን ፍርግርግ ያሻል፤ መጀመሪያ በሽቦዎቹ ርዝመት፣ ቀጥሎ በአግድም። ያለፈው ሳምንት ስብና ጥላሸት ከሽንኩርቱ ውሃ ጋር እየተንጫጫ ይለቃል። ፊቱ ሲጠቁር ስስ አድርጎ ቆርጦ ይጥለዋል፤ በአዲሱ ፊት ይቀጥላል። ከዚያ ፍርግርጉን አንስቶ ግድግዳ ያስደግፍና በብረት መጫሪያ ፍሙን ይከፍለዋል። ወፍራሙን ወደ ግራ፣ ሳሳ ያለውን ወደ ቀኝ። ከፊት በኩል አንድ ጥግ ባዶ ይተዋል፤ ስብ ጠብ ብሎ ነበልባል ሲያስነሳ ሥጋው የሚሸሽበት ነው። ፍርግርጉን ይመልሳል። በመጨረሻ ቀኝ መዳፉን ከፍርግርጉ ግማሽ ስንዝር ከፍ አድርጎ ይዘረጋና ይቆጥራል።

ለበግ ጎድን እስከ አራት ነው። አራት ላይ እጅ በራሱ ይሸሻል። ለቋሊማ እስከ ስምንት። በደቡብ አፍሪካዋ ከተማ በሮበርትሰን ጓሮ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ልዩነቱ ያለው እጁ ላይ ነው። የአፖልስ እጅ እስካለፈው ዓመት ድረስ ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ስምንትም ይቆጥራል፣ አሥራ ሁለትም ይቆጥራል። እጁ አይሸሽም።

ዕድሜውን የፈጀው በወይን ጠጅ መጥመቂያ ውስጥ የብረት ጋን ሲበይድ ነው። በመንገዳቸው ላይ ያለ ጓሮ ሁሉ እሱ የሠራው የጥብስ ምድጃ አለበት፤ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ፣ አራት እግር በይዶ፣ ከሥሩ የአየር ቀዳዳ ከፍቶ ያቆመው። የሚያነደው የወይን ጉቶ ነው። ከሰል ለቸኮለ ሰው ነው ይላል፤ ጉቶ ቶሎ አይያዝም፣ ከያዘ ግን ለብዙ ሰዓት አያሳፍርም።

እዚያ ሠፈር ደግሞ የሥጋ ማገላበጫ መቆንጠጫውን የያዘ ሰው የእሳቱ ባለቤት ነው። ሌላ ወንድ ምክር ሊሰጥ፣ ሊያላግጥ፣ ወንበሩን አስጠግቶ ስለ ዝናብና ስለ ራግቢ ሊያወራ ይችላል። ሥጋውን ግን አይነካም። የሌላን ሰው ሥጋ ከማገላበጥ ሳይጠየቁ ጓዳው ገብቶ ድስት መክፈት ይቀላል። ሴቶቹ ወጥ ቤት የድንች ሰላጣውን ያሰናዳሉ፤ ወደ እሳቱ የሚመጡት መጨረሻ ላይ፣ ቲማቲምና አይብ የገባበትን ዳቦ ለማስጠበስ ብቻ ነው። መቆንጠጫውን አንዴ ያስረከበ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ጥላ ሥር ወንበር ይሰጠዋል፤ ምግብ ሲደርስ ሳህን ይመጣለታል። አፖልስ እንዲህ የተቀመጡ ሰዎች አይቷል። ቀድሞ እሳቱ ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ በአጠገባቸው ሰላም ብሏቸው ያልፋል።

ድንዛዜው ከእግሩ ነበር የጀመረው። ቀጥሎ ወደ ጣቶቹ ጫፍ መጣ። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ዓይኑን አስጨፍናው በመርፌ ጫፍ ነካካችው።

«ኦም አፖልስ፣ ስነካዎት ይንገሩኝ» አለችው፣ እንደ አጎት አክብራ።

«እሺ፣ ጀምሪ።»

ነክታ ጨርሳ ነበር። የስኳር በሽታው ነርቩን እንደጎዳው፣ ከፈላ ውሃና ከእሳት እንዲጠነቀቅ ነገረችው። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ዳቦ ገዛ። ድንጋጤው እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። ለሚስቱ ለድሪካ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ብሏል አላት፤ በዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲያ በዓይኑና በጆሮው መሥራት ጀመረ። አመዱ ሲነጣ፣ ስቡ ሲንጫጫ እያየ እየሰማ። ለጎድን ይበቃል፤ ለቋሊማ አይበቃም። የወይን ጉቶ አታላይ ነው፣ ላዩ ነጭ አመድ ለብሶ ሆዱ ውስጥ እንደ ብረት ማቅለጫ ይነዳል። በዚያ ዓመት በጋው ሲገባ ሁለት ጥቅል ቋሊማ ፈነዳበት። የድሪካ ወንድም ኬሪ ባለ ሥጋ ቤቱን ወቀሰ፤ ስስ አንጀት ተጠቅሟል፣ ውሃ ጨምሮበታል አለ። የቀሩትም ተስማሙ። አፖልስ የፈነዳውን ከፍርግርጉ ላይ ለቀመ።

የገና ማግስት የመንገዱ ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው እነ አፖልስ ጓሮ ነው። የዚያን ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ነፋስ ነበር፤ በበርሜሉ ቀዳዳ ገብቶ ፍሙን ከሥር ያራግበዋል። ወንዶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። መዳፍ መዘርጋት እንደ ጸሎት የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ አፖልስ ዘረጋ። እየቆጠረም ኬሪ አዲስ ስለገዛው የጋዝ ምድጃ የሚያወራውን ይሰማል። ኬሪ ከተማ ሄዶ ነው ያመጣው፤ ሰው ሁሉ ሻይ ልታፈላበት ነው ወይ እያለ ይስቅበታል። አፖልስ ስምንት አለ። ቀጠለና አሥር አለ።

ድሪካ የዳቦውን ትሪ ይዛ ስትወጣ ሽታው ደረሰባት። የሥጋ ሽታ አልነበረም፤ ሥጋው ገና ትሪው ላይ ነው። የተለበለበ ፀጉር ሽታ ነው። ትሪውን ግንቡ ላይ አስቀመጠች።

«እጅህን አሳየኝ» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ግራውን አሳያት።

«ሌላኛውን።»

መዳፉ ቀልቷል፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ቆዳው ነጭ ሆኖ ተነሥቷል። አፖልስም አየው። ሰው ረስቶት የሄደውን ጓንት እንደሚያይ ሆኖ አየው።

ኬሪ ከወንበሩ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም። እጁን ዘረጋና «በል ስጠኝ፣ ወንድሜ። አንተ አሁን ጥላው ውስጥ አረፍ በል» አለው። የተናገረው በደግነት ነው፤ ቢያላግጥበት ይሻለው ነበር። አፖልስ መቆንጠጫውን በግራ እጁ ይዞታል። ግን መያዙ አይሰማውም፤ እንዳለ ለማረጋገጥ ዝቅ ብሎ አየ። አለ።

ድሪካ እጅጌዋን ሰበሰበች። በወንድሟና በባልዋ መሀል ገብታ የራሷን መዳፍ ከፍርግርጉ በላይ ዘረጋች። በኖረችበት ዕድሜ ሁሉ ይህን ስታደርግ ያያት የለም። ጮክ ብላ ቆጠረች። ሁለት ላይ ሸሸች።

«ሁለት» አለች። «ቋሊማው ይቆይ። በትነው።»

አፖልስ በመጫሪያው ፍሙን በተነ፤ የአየር ቀዳዳውንም በጡብ ዘጋ። እንደገና ዘረጋች፣ አምስት። ጠበቁ። ስምንት።

«አፖልስ» አለ ኬሪ፣ እጁ አሁንም እንደተዘረጋ፣ «ሚስትህን ቴርሞሜትር አደረግካት እንዴ?»

ድሪካ ዞር ሳትል፣ «ቴርሞሜትር ባትሪ ነው የሚበላው፣ እኔ ጎድን ነው የምበላው። አንተ ወንበርህን ያዝና ከነፋሱ ዞር በል፤ እየከለልከኝ ነው» አለችው።

ሳቁ። ኬሪም ሳቀና እጁን ኪሱ ከተተ።

ያኔ አፖልስ ነገራቸው። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም።

«እጄ አይሰማኝም። ዓመት ሆነው። ያ የፈነዳው ቋሊማ የኔ ጥፋት ነው፤ ሰውየውን በከንቱ ነው የሰደባችሁት።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ባለ ሥጋ ቤቱ ያም ሆኖ ቀሽም ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ሰው በዚያ ተነፈሰ።

ሥራው ቀጠለ። ቋሊማው አይወጋም፤ ከተወጋ ጭማቂው እሳት ውስጥ ይፈስና ገለባ ይቀራል። ጥቅሉን እንዳለ አንሥተው አንዴ ብቻ ገለበጡት። ጎድኖቹን መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ በስባቸው ጠርዝ አቆሟቸው፤ ስቡ ቡናማ ሲሆን ነው በጎናቸው የሚተኙት። ከእሳት የወጣው ወዲያው አልተቆረጠም፤ ትሪ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ትንፋሹን ሰበሰበ። አፖልስ ያዛል፣ ያገላብጣል፤ ድሪካ ትለካለች። በመሀል ወደ ቧንቧው ወስዳ እጁን ብዙ ቆይታ በቀዝቃዛ ውሃ ያዘችለት፤ ንጹህ ጨርቅም አለበሰችው። «ዓመት ሙሉ!» አለችው እዚያ። ሌላ አልጨመረችም። እሱ ውሃው ሲወርድ ያያል። ቅዝቃዜውን ከእሷ ፊት ላይ ነበር የሚያነበው።

ቋሊማው አልፈነዳም። ሰው በልቶ አመሰገነ። አፖልስ እፎይታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ እሱም አልመጣም። መቆንጠጫው ግን እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጓሯቸው እሳት ሲነድ ሁለት ሰው ነው የሚቆመው፤ ነርሷም ቁስሉን በየሳምንቱ ታየዋለች።

አፖልስ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አለው። በዚህ በጋ አንድ ሽማግሌ ጓሮው ቢጠራችሁና መቆንጠጫውን የያዘው እሱ ከሆነ፣ ሲጨብጣችሁ እጁን ቶሎ አትልቀቁ። መዳፉን ገልብጡና እዩ። ቃጠሎ አይታችሁ እሱ ስለ ቃጠሎው ምንም ካላነሣ፣ መቆንጠጫውን እባካችሁ አትውሰዱበት። አጠገቡ ቁሙ፤ የራሳችሁን እጅ ዘርጉና ጮክ ብላችሁ ቁጠሩለት። በማግስቱ ክሊኒክ አብራችሁት ሂዱ።