የክራኮው ቤት

በዚያ የጦርነት መጋቢት፣ ግሪክ አገር ሳሎኒካ ውስጥ ሳያገቡ መገኘት እንደ ነውር ይቆጠር ጀመር። ጀርመኖቹ አይሁዱን ሁሉ በባቡር ጭነው ፖላንድ፣ ክራኮው ወደሚባል ከተማ ሊወስዱ ነው ተባለ። እዚያ ሲደርሱ ባልና ሚስት የሆነ የራሱ ቤት ይሰጠዋል፤ ያላገባ ግን ከማያውቀው ሰው ጋር አዳራሽ ውስጥ ይታጎራል ተባለ። ማን አለ? ተባለ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ አበደ። ለሦስት ዓመት አንዲት ልጅ በሩቁ እያየ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ጎረምሳ በአንድ ጀምበር ባል ሆነ። ራቢዎቹ ድምፃቸው እስኪዘጋ ባረኩ።

ፓሎምባ ሳፖርታ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጀርመኖቹ መጥተው ሁሉን ነገር እስኪያቋርጡት ድረስ አምስት ዓመት ትምባሆ መጋዘን ውስጥ ቅጠል ስትለይ ሠርታለች። አንድ አመል አላት፤ ትጽፋለች። የምትጽፈው በፈረንሳይኛ ነው። እናቷ ቬንቱራ የምታነበው የአያቶቻችንን የዕብራይስጥ ፊደል ብቻ ስለሆነ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢውልም ግድ የላትም።

"ምንድን ነው ቀኑን ሙሉ የምትሞነጫጭሪው?" ትላታለች ቬንቱራ።

"ስለ ዳቦ ሰልፉ ነው እማዬ።"

"ስለ ዳቦ ሰልፍ የሚጽፍ ሰው ፊቱ እንዲህ ይቀላል?"

ይቀላል እንጂ! ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር የሞላችው ኤስትሬያ ናት። ኤስትሬያ ቤራሃ እናትም አባትም የላትም፤ ትምህርት ቤትም መጋዘንም ከፓሎምባ ጎን ነበረች። አይሁዱን አንድ ሰፈር ሲያጉሩት ደግሞ ጠቅልላ እነፓሎምባ ቤት ገባች። ቬንቱራ "ሁለተኛዋ ልጄ" እያለች ትጠራታለች።

"ዛሬ ኤስትሬያ ፀጉሬን አጠበችልኝ" ይላል ደብተሩ። "ጣቷ አንገቴ ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። እህት ለእህቷ ፀጉር ስታጥብላት ትንፋሽ ይያዛል? አይመስለኝም።" ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ፦ "የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሳይዘጋ የሐኪም መጽሐፍ አገላብጬ ነበር። ስለ እንደኔ ዓይነቷ የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ስድብ። ወንድ ሲጠጋኝ የሚሰማኝ ሰው ሰልፌን ሊቀማኝ ሲመጣ የሚሰማኝ ነው። ታምሜ ነው እንዳልል፣ እሷ አጠገብ ስሆን እንደዚያ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም።"

አንዴ ከትምባሆው ጆንያ ኋላ ተሳስመዋል። ኤስትሬያ ሳቀች፣ ከትምባሆው ብናኝ የተነሳ አስነጠሳት፣ ከዚያ እንደገና ሳመቻት። ለዚህ ነገር ሁለቱም ስም አላወጡለትም። ማን ጊዜ ሰጣቸው?

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ቬንቱራ ባል ይዛ ብቅ ያለችው።

"የአሳኤል ልጅ፣ ዳርዮ፣ መነጽር ጠጋኙ። ሰኞ ይመጣል፣ እሁድ ሰርግ።"

"እማዬ! አላውቀውም እኮ!"

"እኔስ አባትሽን መቼ አውቄው ነበር? ክራኮው ስትደርሺ ታውቂዋለሽ። ብርድ ነው አሉ፤ ቤት ከመዋል ሌላ ምን ሥራ አላችሁ?" አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች።

ሰኞ ዳርዮ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የሰው ሁሉ መነጽር ጠግኖ የራሱን በክር ያሰረ ሰው ነው። ቬንቱራ ሆን ብላ ወደ ጎረቤት ስትወጣ ፓሎምባ ደብተሩን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ፈረንሳይኛ ታነባለህ አይደል? አንብበው። ማንን እንደምታገባ እወቅ።"

መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ አነበበ። ፓሎምባ እናቷ እንዳትመለስ በሩን ትጠብቃለች። ለእናቷ ቢናገርስ? ለሰፈሩስ?

"ጽሑፍሽ አስቀያሚ ነው" አለ በመጨረሻ።

"ምን?"

"የእጅ ጽሑፍሽ። ዓይኔን አጠፋሽው።" ደብተሩን ዘግቶ መለሰላት። "የኔ እጮኛ ሰዉ በረሃብ ባለቀበት ክረምት ነው የሞተችው። አሁንም ቢሆን የማወራው ከሷ ጋር ነው። አንቺ ባል አትፈልጊም፣ እኔም ሚስት አልፈልግም። ቤቱን ግን እንፈልገዋለን። ለምን ኤስትሬያን እህቴ ናት ብለን አናስመዘግባትም? እናንተ ክፍሉን ውሰዱ፤ እኔ ወጥ ቤት እተኛለሁ።"

ፓሎምባ እጁን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደብተሩ ላይ ቤት ሠራች። አንድ ክፍል፣ ወደ ግቢ የሚያይ መስኮት፣ ምድጃ፣ ሰው ሳያንኳኳ የማይከፍተው በር። የጻፈችውን ለኤስትሬያ ታነብላታለች። ኤስትሬያም "መስኮቱን ሰፋ አድርጊው፣ ምን ያስከፍልሻል!" ትላለች። ለመናገር ያሳፍራል እንጂ በዚያ የመከራ ሳምንት እንደ ፓሎምባ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት የመጋዘኑ አለቃቸው የነበረችው ግሪካዊት፣ ፎቲኒ፣ ሰፈሩ ዳር ድረስ መጥታ አስጠራቻቸው። የሞተች ልጇን መታወቂያ ይዛለች። "ኤስትሬያ፣ ነገ ቀትር ላይ ከዳቦ ቤቱ ኋላ እጠብቅሻለሁ። ተራራ ላይ እህቴ ጋ አስገባሻለሁ።" ወደ ፓሎምባ ዞረች። "አንቺ ግን ይቅር በይኝ ልጄ፣ በግሪክኛ 'እንደምን አደሩ' ስትይ ነው የሚይዙሽ።"

እውነቷን ነው። ቤቷ አያቶቿ ከስፔን ይዘውት በመጡት ቋንቋ ያደገች አይሁዳዊት ግሪክኛ ስትናገር ዜማው ያሳብቅባታል። ኤስትሬያ ግን ከግሪኮች ግቢ ነው ያደገችው።

"አልሄድም" አለች ኤስትሬያ ፎቲኒ ዞር ስትል። "ቤት አለን አይደል?"

ፓሎምባም፣ እውነቱን እንናገር፣ ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያው ባቡር የተጠሩት በመንገዱ አለፉ። ከሽማግሌዎች መጦሪያ የወጡ ናቸው፤ ዓይነ ስውራኑ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ ይሄዳል። ከኋላቸው ጡት የሚጠቡ ሕፃናት የታቀፉ እናቶች አሉ። ፓሎምባ የሚያጅባቸውን ሰው ጠየቀችው።

"ለሥራ ነው የሚወስዷቸው አይደል? ይሄ ዓይነ ስውር ምን ሊሠራ ነው?"

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ቅርጫት ይሠራ ይሆናል።"

"ሕፃኑስ?"

ሰውዬው ፊቱን አዞረ። ፓሎምባ እዚያው ቆማ ቀረች። የሚያሠራ ሰው ዓይነ ስውርና ሕፃን አስቀድሞ አይጭንም። ቤት የሚሰጥ ሰውም እንዲህ አይነዳም። ምን እንደሚጠብቃቸው አላወቀችም፤ ቤቱ ግን እንደሌለ አወቀች።

ማታውን ሙሉ ኤስትሬያን ከፎቲኒ ጋር ሂጂ እያለች ለመነቻት። ኤስትሬያ ደግሞ በለመኗት ቁጥር የባሰ ቁጭ የምትል ናት። "ካንቺ ተለይቼማ አልሄድም። ዝም በይ አሁን።"

ቅዳሜ ጠዋት ፓሎምባ እርሳስ አንስታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ቬንቱራ ጮኸች።

"በሰንበት ትጽፊያለሽ? ኧረ አብደሻል! እኔን ይንቀለኝ!"

በዚያ ቤት በሰንበት ተጽፎ አያውቅም። ፓሎምባ ግን ጻፈች፦ "ዳርዮን ወደድኩት። ከኤስትሬያ ጋር የነበረው የልጅነት ጨዋታ እንደነበረ አሁን ገባኝ። ክራኮው አብራን ባትመጣ ይሻለኛል። ታሳፍረኛለች።" የመጨረሻዋን ቃል ደግማ አደመቀቻት። ደብተሩን ገልጣ ትታው ወደ ደረጃው ወጣች።

ኤስትሬያ አነበበችው። ለምን አታምን? እዚያ ደብተር ላይ ያላየችው ገመና የለም፣ ውሸት ግን አይታበት አታውቅም። ደግሞ ሰንበት ሽሮ የጻፈ ሰው የምሩን ነው ብላ አሰበች። ፓሎምባ ስትመለስ መሀል ወለል ላይ ቆማ አገኘቻት።

"አሳፍርሻለሁ?"

"አዎ።"

"ዓይኔን እያየሽ በይው።"

"ታሳፍሪኛለሽ፣ ኤስትሬያ።"

ቬንቱራ ሁለቱን እያፈራረቀች ታያለች። "ምን ሆናችሁ? ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?"

ኤስትሬያ ካፖርቷን አነሳች፤ አይሁድ ሁሉ እንዲለጥፍ የታዘዘውን ቢጫ ኮከብ ከላዩ ላይ ቦጭቃ ጣለችው። "ከነባልሽ ድፍት በይ!" አለችና በሩን ከኋላዋ ወርውራ ዘግታው ወጣች። ፓሎምባ ወደ መስኮቱ አልሄደችም። ብትሄድ ትጠራታለች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ የቀትሩ ደወል እስኪደወል ቆመች።

እሁድ ስድስት ጥንዶች በአንድ ድንኳን ጥላ ሥር ቆሙ። እንደ ወጉ ሙሽራው በእግሩ የሚሰብረው ብርጭቆ አንድ ብቻ ስለነበር ስድስቱ ሙሽሮች "አንተ ስበር፣ አንተ ስበር" ተባባሉ፤ ሰዉም ሳቀ። ዳርዮ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

"ኤስትሬያ የታለች?"

ነገረችው። ምን ጽፋ እንዳባረረቻትም ነገረችው።

"ዕድሜ ልኳን ትጠላሻለች እኮ" አላት ዳርዮ ደንግጦ።

"ትጥላኝ" አለች ፓሎምባ። "ኖራ ትጥላኝ።"

ራቢው አጨብጭበው የሚቀጥሉትን ስድስት ጥንዶች ጠሩ። ሁለቱም ከጥላው ሥር ወጥተው ለሌሎቹ ቦታ ለቀቁ።